በወይራው ሥር የቀሩት በትሮች

ዓመቱን እንጃ። ልጄን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ እሷ ዓመተ ምሕረት አትስትም። ግን እኔ እንደማስታውሰው ልጻፈው ብዬ አልጠየቅኋትም። ያ የጦርነት መከራ አልፎ ወደየቤታችን ከተመለስን ወዲህ ነው፤ ይህን የማውቀው የቤቴ ቆርቆሮ ገና አዲስ ስለነበረ ነው። ወሩ መስከረም ነው። የግሸን ተሳላሚ የጫኑ አውቶቡሶች በሐይቅ ከተማ እያለፉ ወደ ውጫሌ ይጎርፉ ነበር፤ የኔም አተር እሸት ደርሶ ነበር። አውቶቡሱንና አተሩን አልረሳሁም። ሌላው ሌላው ተቀላቅሎብኛል።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገር። በኛ አገር አበጋር የሚባል አለ። ሰው ሰው ሲገድል፣ ወሰን ሲገፋ፣ ዘመድ ከዘመዱ ሲቆራረጥ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። እንደ መንግሥት ዳኛ አያስርም፣ አይቀጣም። ደም ያደርቃል እንላለን። እስላሙም ክርስቲያኑም እሱ ዘንድ ይሄዳል። አበጋርነት በእጅ ማውጣት አይገኝም፤ በዘር ነው የሚወርድ፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ልጅ ከሌለ ወደ ወንድም።

የኛ አበጋር ግቢ ከሐይቁ ማዶ ነው። በሩ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። ወደ ግቢው የሚገባ ወንድ ሁሉ፣ ከሳሽም ይሁን ተከሳሽ፣ በትሩን ወይራው ላይ አስደግፎ ባዶ እጁን ይገባል። ይህን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምር የለም። አባቴ ሲያደርግ አይቼ እኔም አደረግሁ። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ገና በትር ሳይኖረኝ፣ የያዝኳትን ሸንበቆ እንኳ አስደግፌ ነበር የምገባው። ከወይራው ወዲያ ግቢው መካከል አበጋሩ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ መደብ እንለዋለን። ወይራውንና መደቡን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ በነሱ መካከል ነው የሆነው።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ከኔ ታናሽ ነበረች። መልከ መልካም ነበረች ብል ወንድሟ ስለሆንክ ነው ትሉኛላችሁ፤ ግዴለም፣ ነበረች። የቀድሞው አበጋር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሚስት ነበረችው። ጨዋ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። አላህ ግን ልጅ አልሰጣቸውም። እኔ ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርጄ ስመለስ እህቴን አርግዛ አገኘኋት። የማን ነው ስል የአበጋሩ ነው ተባለ። ኒካህ ታስሯል፣ በሸሪዓ አግብቷታል ያለ አለ፤ አልታሰረም ያለ አለ። ምስክሩ ማን ነበር ስል፣ አንዱ ሞቷል አሉኝ፣ ሌላው አገር ለቋል። እሷኑ ብጠይቃት፣ «ወንድምዓለም፣ እኔ ቤቴን አውቃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።

ወንድ ልጅ ወለደች። አበጋሩ ልጁን አልካደም፤ እጁን ይዞም ወደ ግቢው አላስገባውም። እንዲሁ በመካከል አደገ። ፊቱ ግን ቁርጥ የአባቱ ነው፤ ገበያ ላይ ያየው ሁሉ፣ «ያውና የአበጋሩ ልጅ» እያለ ያሳየዋል። እንደ ልጅ ይታያል፣ እንደ ልጅ አይጠራም። ይህ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ጎረምሳ ሲሆን እንደ ጓደኞቹ በባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ገባ። እሱ እዚያ እያለ አባቱ ሞተ። መደቡ ላይ የአባቱ ታናሽ ወንድም ተቀመጠ። እሱ ዐዋቂ ሰው ነው፤ ግን ፊቱ አይፈታም፤ ሲስቅ ያየው ሰው ካለ እኔን አይደለም። ትንሽ ቆይቶ እህቴም ሞተች። አገሩ ሁሉ ቀበራት፤ ከአበጋሩ ግቢ ግን ለለቅሶ የመጣ አልነበረም። የሟቹ ባለቤት ታማ ተኝታለች አሉ። ሌሎቹ ግን ደኅና ነበሩ። ልጁ ይህን ሁሉ በስልክ ሰማ።

በባሕር የሄደው በአውሮፕላን ተመለሰ። ሸጋ ሰው ሆኖ መጣ፤ ቁመናው፣ አነጋገሩ፣ ሳቁ። ለቅሬያችን አዲስ ድንኳን ገዛ፤ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን የቀብር ማኅበር ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ የታሰረ ያስፈታል። ወጣቱ ተከተለው። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው፣ «መደቡ የማን ነው? የአባቱ አይደለም ወይ?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ነው፤ ማን እንደለኮሰው አይታወቅም፣ መንደሩን ግን ሞላው።

እኔ ዘንድ መጣ። በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ።

«አጎቴ፣ ከርስዎ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልግ። ኒካህ ነበረ ይበሉ።»

«አላየሁማ።»

«አልነበረም ሊሉስ ይችላሉ?»

«እሱንም አላየሁ። ሁመራ ነበርኩ።»

«የእናቴ ወንድም ነዎት ወይስ የሁመራ ሰው?»

አመመኝ። ግን በአበጋር ፊት ያላዩትን አየሁ ማለት በኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ ልጅ ያስቀጥፋል ይባላል። ቃሉን አልሰጠሁትም። እሱም ተነሣና ሄደ።

ልጄ ሐይቅ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ታስተምራለች። እኔ የመሠረተ ትምህርት ነኝ፤ እሷ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሰንበት ሰንበት ትመጣለች። ያን እሑድ እሸቱን እየፈለቀቀች ስትበላ፣ «አንቺ፣ ይህን ያህል ታሪክ ስትማሪ፣ የእንዲህ ያለ ልጅ ነገር አጋጥሞሽ አያውቅም?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «አለ፣ አባ» አለች። «የእንግሊዞች ነው። ከሦስት መቶ ዓመት ይበልጠዋል። ንጉሡ ከንግሥቲቱ ልጅ አልወለደም፤ ከሌላ ሴት ግን ወልዷል።»

«አስተግፊሩላህ! ስለኛ ነው እንዴ የምታወሪው?»

«ዝም ብለህ ስማ፣ አባ።»

ሰማሁ። ያ ልጅ መልከ መልካም ነበር፤ ጦር ሜዳ የዋለ፣ ድሃው የሚወደው። ንጉሡ እናቱን አግብቷት ነበር ይላሉ ወዳጆቹ፤ ንጉሡ ግን አላገባኋትም ብሎ ሞተ። የንጉሡ ወንድም ነገሠ። ልጁ በውጭ አገር ነበርና በመርከብ ተሻግሮ መጣ፤ ከጥቂት ሰው ጋር። ባሕር ዳር ሲወርድ ገበሬውና ሸማኔው ሥራውን እየጣለ ተከተለው። መሣሪያ ያልነበረው የማጭድ ስለት ረጅም እንጨት ላይ አስሮ ወጣ። በመጨረሻ የአጎቱ ጦር ረግረግ ሜዳ ላይ ሰፍሮ ሳለ ድንገት ልውደቅበት ብሎ በጨለማና በጉም ሄደ። መካከል ላይ ያላሰቡት ቦይ ገጠማቸው። መሻገሪያውን ሲፈልጉ ጦሩ ነቃ። በዚያ አለቀ።

«ልጁስ?»

«ሸሸ። ልብሱን ለውጦ ሲሸሽ፣ ቦይ ውስጥ ተኝቶ አገኙት። ኪሱ ውስጥ ምን ነበር መሰለህ? አተር። ሲርበው ከማሳ የለቀመው ጥሬ አተር።»

«አተር?»

እጇ ላይ ያለውን እሸት አየሁት።

«አጎቱ እግር ሥር ወድቆ ለመነ። አልማረውም። አንገቱን ቆረጡት፤ ሰያፊውም አልተካነም ነበር፣ ደጋግሞ...»

«ይብቃሽ! እነዚያ ማጭድ ያሰሩትስ? የማን ልጆች ነበሩ?»

«ያው የገበሬ ልጆች፣ አባ። እነሱን በየመንደራቸው ሰቀሏቸው። የቀረውን ባሕር አሻግረው ሸጡት።»

ድሮ የኛ ነገሥታት ዙፋን እንዳይመኙ ብለው ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ግሸን አምባ ላይ ያስጠብቁ ነበር ሲባል እንሰማለን። «እንግሊዞች ግሸን የላቸውም ወይ?» አልኳት። ሳቀችና፣ «እነሱስ የነገሥታት ዘር የሚያስሩበት ግንብ ነበራቸው» አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን ሌሊት ያለምኩት ማጭድ ነው።

በማግሥቱ የእህቴን ልጅ ቅሬ ቤት አገኘሁትና ታሪኩን ነገርኩት። አተሩን ሳይቀር።

«አጎቴ» አለኝ እየሳቀ፣ «ያ የፈለገው ዙፋን ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይማ ሜዳው ሙሉ ነው። አንዱን ጎትተህ አትቀመጥበትም?»

«የአባቴን ድንጋይ ነው።»

«የተከተሉህስ ልጆች? እናት የላቸውም?»

ሳቁ ቆመ። «እኔም ነበረችኝ» አለ። «ስትሞት ከአባቴ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ፣ መቃብሯ ላይ አልቆመም። እኔ መደቡ ላይ ስቀመጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። እሷም የማን ሚስት እንደነበረች።»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የልቡ ነገር ድንጋዩ አልነበረም። ግን ምን ላድርግ? እኔ ልሰጠው የምችለው ቃል አልነበረኝም።

ምክራቸው ይህ ነበር። በአበጋሩ ግቢ ሰው ለሽምግልና የሚሰበሰብ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይደርስ፣ ገብተው ልጁን መደቡ ላይ ያስቀምጡታል። ሰው ሲመጣ ተቀምጦ ያገኘዋል። ከአባቱ ድንጋይ ላይ ማን ጎትቶ ያነሣዋል? የሚጎትት ቢመጣ ደግሞ በትር በትራቸውን ይዘዋል፤ ሽመል፣ ዱላ፣ ብረት የተገጠመበትም ነበር አሉ።

ያን ዕለት የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ከነበሩበት ልጆች ግን አንድም ሳይቀር ሁሉም ነግሮኛል፤ ሁሉም ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነው። በሐይቁ ዳር ዳር በደንገሉ ውስጥ ሄዱ። ጉሙ ከውኃው ተነሥቶ ሰው ከሰው አይተያይም። ማንም ሳያያቸው ግቢው በር ደረሱ። የፊተኛው ደረሰና በትሩን ወይራው ላይ አስደገፈ። ሁለተኛውም አስደገፈ። ሦስተኛውም። ጉም ነው፤ ሁሉም የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው የሚያይ፤ እጅ ደግሞ የለመደውን ያደርጋል። አንዱ እንኳ፣ «በትሬ ስትንሸራተት ጊዜ ተመልሼ አቃናኋት» ብሎኛል። የእህቴም ልጅ ኋላ ደረሰና የራሱን አስደገፈ። ከዚያ ለመደብ ቅሚያ ባዶ እጃቸውን ገቡ።

ግቢው መካከል ሲደርሱ ውሻ ጮኸ። የአበጋሩ ወገኖች ሐሙስ ስለሆነ እዚያው አድረው ነበርና ከየቤቱ ወጡ። ከኛዎቹ አንዱ፣ «በትር! በትር ያዙ!» አለ። ሁሉም እጁን አየ።

ከዚያማ ሩጫ ነው። የሚሮጠው ሁሉ በሌላው በኩል ወደ ደንገሉ ነው የሄደው፤ በወይራው በኩል እንዳይወጣ የግቢው ሰዎች ቆመውበታል። በዚህ ግርግር የአሁኑ አበጋር ታላቅ ልጅ በጉም ውስጥ ሲያሳድድ መደቡ ላይ ተደናቅፎ በግንባሩ ወደቀ። ደም ፈሰሰው፤ አልነቃም። አንስተው ቤት አስገቡት። ወሬው ግን ከኔ ቤት የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው፦ «የአበጋሩ ልጅ ሞተ። የእህትህ ልጅ ገደለው።»

ይህን ያለኝ ጎረቤቴ ነው፤ አጥሩ ላይ ቆሞ። ደም አድራቂው ቤት ደም ከፈሰሰ ማን ያደርቀዋል? የገደለ ቢገኝ ይሞታል፤ ባይገኝ የኔ ቤት ወንድ ይፈለጋል፤ ከዚያ የነሱ፤ ከዚያ እንደገና የኛ። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር አይቻለሁ፤ ሲጀምር የጀመሩት ሲሞቱም አይቆምም።

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። የምሄድበትም የለኝ። እግሬ ወደ አተሩ ማሳ ወሰደኝ። ዳር ላይ እሸቱ ተረጋግጧል። ዝንጀሮ ነው ብዬ፣ ባዶ ቆርቆሮዬን ላንኳኳ ስል፣ ከማሳው በታች ካለው የመስኖ ቦይ ውስጥ የሰው ጉልበት አየሁ።

እሱ ነው። እስከ ደረቱ ጭቃ። አንድ ጫማው የለም። ያ ሸጋ ሰው፣ የረጠበ ድመት መስሏል። ሸሚዙ ኪስ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።

«ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኩት። ደኅና ነህ ወይ ሳልል።

«አተር።»

ወላሂ፣ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጣለው!»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ አጎቴ!»

«እንግዲያው ብላው። በኪስህ ግን አትያዝ!»

በላው። ገለባውን ሳይቀር። ለግጦሽ የተለቀቀ በግ መሰለኝ።

«ገድለኸዋል?» አልኩት።

«ማንን?»

ነገርኩት። ፊቱ ነጣ። «እኔ? በምን? በትሬ እኮ ወይራው ላይ ነው፤ የሁላችንም» አለ። አባባሉ ሞኝ ነው፤ ግን አመንኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፈጥሮ አይናገርም።

«አጎቴ፣ መንገዱ ላይ ያድርሱኝ። የግሸን ተመላሽ አውቶቡስ አይጠፋም። ደሴ ከደረስኩ የሚያየኝ የለም።»

ማድረግ እችል ነበር። መንገዱ ቅርብ ነው። ግን ማጭድ ያሰሩት ልጆች ትዝ አሉኝ። መሪው ቢሸሽ ደሙ በማን ይጠየቃል? በትሩ እዚያ በቀረው ሁሉ ነው። እያንዳንዱ በትር ባለቤቱን ያስታውቃል፤ አገራችን ትንሽ ናት።

«ወደ መደቡ ነው የምንሄድ» አልኩት።

«ይገድሉኛል!»

«ለሽምግልና ከገባህ ግቢው ውስጥ ማንም አይነካህም። የሚገድሉህ መንገድ ላይ ነው።»

«ታዲያ መንገዱንስ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ተነሣ።»

ጋቢዬን አልብሼው በቀኝ እጄ አንጓውን፣ በግራ እጄ በትሬን ይዤ ወረድን። ፀሐይ ወጥታለች፤ ጉሙ ተገፍፏል። በጠራራው ቀን፣ በሰው ዓይን ፊት። ሽማግሌ ነኝ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ለኔ ግን ያን ዕለት አላልቅ አለ። ያገኘን ሰው ሁሉ ሰላምታውን ውጦ ገለል ይላል። እሱም አልሸሸም፤ ይህን ልመስክርለት። እግሬ ሲዘገይ፣ «አብሽሩ፣ አጎቴ» ይለኛል፤ እሱ ለኔ።

ወይራው ሲታየን ሰዎቹም አዩን። የአበጋሩ ወገኖች በሩን ሞልተው ቆመዋል። ከኋላቸው ወይራው በበትር ተከቧል፤ የማገዶ ሸክም የተራገፈበት ይመስላል።

«ያውና! ይዞት መጣ!»

«ሽማግሌው ገለል ይበሉ! ከርስዎ ጠብ የለንም!»

«የዲቃላ ነገር! መደብ አማረው!»

እጁ በእጄ ውስጥ ሲጠነክር ተሰማኝ። «ዝም በል» አልኩት። አንዱ ዱላውን አነሣ፤ እኔም ልጁን ወደ ኋላዬ ሳብኩት። ቀጭን ሽማግሌ ምን ይጋርዳል?

ያን ጊዜ ከግቢው ውስጥ የሟቹ አበጋር ባለቤት ወጣች። ከታመመች ወዲህ በደጅ አይቻት አላውቅም። ከስታለች፤ ቀጭን ዘንግ ይዛለች። ወንዶቹን በዘንጓ ጫፍ ገለል ገለል እያደረገች በመካከላቸው አለፈች፤ ከራሷ ላይ ነጠላዋን አወረደች፤ በነሱና በኛ መካከል መሬት ላይ ዘረጋችው። በኛ አገር የእናት ነጠላ ተረግጦ አይታለፍም። ዱላ ያነሣው ሰው እንዳነሣ ቀረ።

«ይህ ልጅ የማን ነው?» አለች።

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የማን ነው አልኳችሁ!»

«የሟቹ ነው ይባላል፣ እማማ» አለ አንዱ።

«ይባላል? ፊቱን እያያችሁ ይባላል? ዓይን የላችሁም?»

«ኒካህ ግን...»

«አላየሁም» አለች። «ኒካህ አላየሁም። እዚህ ቤት ሙክት በታረደ ቁጥር ግን ሟቹ ‹የዚያን ቤት ድርሻ ለይ› ይለኝ ነበር። በእጄ ለይቼ፣ በእጄ ቋጥሬ ልኬላታለሁ። ዝክር እንደሁ ለሁሉም ነው፤ የቤት ድርሻ ግን ለማን ነው የሚወጣው? ለባዕድ ይወጣል? ጣውንቴ ናት። ጣውንቴ መሆኗ እኔን ካላስከፋኝ እናንተን ምን አስከፋችሁ?»

ዱላ ያነሣው ሰው ዱላውን አወረደ።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «እናትህ ስትሞት ታምሜ ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ዛሬ ደረስኩ።»

ያ ትልቅ ሰው፣ ዐረብ አገር ኖሮ የመጣው፣ ጭቃ የለበሰው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም ነጠላዋን አነሣች፣ አራገፈች፣ እሱ ራስ ላይ ጣል አደረገችና እየመራች አስገባችው። እኔ ተከተልኩ። በሩ ላይ ቆም ብዬ በትሬን ከነዚያ በትሮች ጎን አስደገፍኩ። ቦታ ፈልጌ ነው፤ ወይራው ሞልቷል።

አበጋሩ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ድንጋዩ ላይ ደም አለ። ልጁ ሄዶ እግሩ ሥር ተንበረከከ። የእንግሊዙ አጎት ትዝ አለኝ። ሰያፊው ደጋግሞ...

አበጋሩ ጭቃውን ከእግር እስከ ራሱ አየ። ከዚያ፣ «ልጄ ውስጥ ተኝቷል» አለ። «አልነቃም። አንተ እጅህን አሳርፈህበታል?»

«በአባቴ መቃብር፣ አልነካሁትም።»

«እሺ። ብትነካውስ? ልጄ ቢሞት ደሙን የሚያደርቀው ማን ነው? እኔው ነኝ። ሌላ አበጋር ከየት ላመጣ?» ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና በልጁ ትከሻ ላይ አኖረ። «የወንድሜ ልጅ ነህ። ይኸው፣ በሰው ፊት አልኩት።»

እርጥብ ሣር በኛ አገር የእርቅ ምልክት ነው።

«ይህን ድንጋይ ፈልገህ ነው አሉ የመጣኸው» አለ ቀጥሎ። እጁን ይዞ ተነሣ። «ና፣ ተቀመጥበት።»

«ኧረ አይገባም...»

«ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። የመስከረም ጠዋት ድንጋይ ነው፣ ሱሪው ደግሞ በቦይ ውኃ ርሷል። ፊቱ ሲጨማደድ አየነው።

«እንዴት ነው?» አለ አበጋሩ።

«ይቀዘቅዛል።»

«ወገቤን የጨረሰው እሱ ነው። ወንድሜንም የጨረሰው እሱ ነው።»

ሳቀ። ያ ፊቱ የማይፈታው ሰው ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ፈጥኖ ተነሣ፤ ሁለተኛ ተቀመጥ የሚለው የለም፣ አልጠየቀምም። ሳቃችን ሳያልቅ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ግንባሩ በጨርቅ የታሰረ ሰው ብቅ አለ። የሞተው ነው።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጫጫታ?» አለ። «ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?»

አልሐምዱሊላህ። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መነሣት ሲያቅተኝ ሁለት ሰው ደግፎ አነሣኝ፤ አንደኛው ገለል ይበሉ ሲለኝ የነበረው ነው። ቀትር ላይ ፖሊስ ሲመጣ ያገኘው የሚበላ ሰው ነው፤ እሱም አብሮ በላ።

በትሮቹ ግን ወይራው ላይ ሰነበቱ። ባለቤቶቹ አፍረው አልመጡም። ቀን እየጠበቁ፣ ሌላ ጉዳይ ያላቸው እየመሰሉ፣ አንድ በአንድ መጥተው ወሰዱ። የእህቴ ልጅ የራሱን አልወሰደም፤ ዛሬም እዚያው ናት፣ ምስጥ ጀምሯታል። እሱ ከሐይቅ ውጫሌ ባጃጅ ይነዳል፤ አግብቷል። ሐሙስ ሐሙስ ከአጎቱ ጎን ሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ ወገቡን አያመውም።

ሁሉን ነገር ለልጄ በስልክ ነገርኳት። ስጨርስ፣ «ይገርማል፣ አባ» አለች። «ያንንም የእንግሊዙን ልጅ የሟቹ ንጉሥ ሚስት ለምናለት ነበር። የወለደችው ሳይሆን፣ ልጅ ያልነበራት ንግሥቲቱ።»

«ሰሟት?»

«አልሰሟትም።»

«ታዲያ ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ አተሩ ላይ ቆመህ ቀረህ እኮ!»

እውነቷን ነው። እኔ ያን ቀን ሰያፊውንና አተሩን ስፈራ፣ የምትለምን ሴት መኖሯን አላሰብኩም ነበር።

መስከረም በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን እሸት ነቅዬ፣ አስሬ፣ ሐይቁን ዞሬ ለሟቹ አበጋር ባለቤት እወስድላታለሁ። ጥርስ የላትም፤ እየላጠች ለልጅ ልጆቿ ትሰጣለች፤ የልጅ ልጆቿ የምላችሁ የእህቴ ልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚያ ጠዋት አንሥተን አናወራም። ሰው ግን አንዳንዴ ይጠይቀኛል፣ «ያን ቀን በዚያ ሁሉ ዱላ መካከል ልጁን ይዘው እንዴት አለፉ?» ይለኛል፤ ጀግና ነበርኩ እንድለው ይፈልጋል። እኔ አላለፍኩም፤ እግሬ እዚያው ቆሞ ነበር። ያሻገረችኝ የእህቴ ጣውንት ናት።